የጥሩንባ ነፊው ተማሪዎች

አያ ገድሉ ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ የሰፈራችን እድር ጥሩንባ ነፊ ናቸው። ሰው ሲሞት ጎሕ ሲቀድ ይነሡና ከሐይቁ ዳር ካለው የመጨረሻ ቤት ጀምረው እስከ አስፋልቱ እየነፉ ይወጣሉ፤ በየመታጠፊያው ቆም ብለው የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይናገራሉ። ይህን ሥራ ከያዙ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆናቸው። ዕድሜያቸው ስልሳ ስምንት ነው፤ ቀጭን ናቸው፤ ጥሩንባው ራሱ ጆሯቸውን ትንሽ አክብዶባቸዋል። ባለቤታቸው ካረፉ አሥራ ሁለት ዓመት አለፈ፤ ልጅ አልወለዱም። ስሜ ጽጌ ነው፤ ባልደረቦቼ እሳቸውን "የጽጌ አለቃ" እያሉ ይቀልዱብኛል። እኔ ደግሞ ቀልዱን እንደ ቀልድ አልወስደውም። በዩኒቨርሲቲው የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት የመስክ ልምምድ አስተባባሪ ነኝ፤ ሁለት ዲግሪ አለኝ፤ ከሙያዬ የሚበዛውን የተማርሁት ግን ከእኚህ ሰው ነው። ይህን በአፌ ለማለት ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ እልኸኛ ነኝ።

የሶሻል ወርክ ትምህርቱን ስንጀምር ሦስት መምህራን ነበርን። ያን ጊዜ ትምህርት ቤት አልነበርንም፤ በሌሎች ሥር የተለጠፍን አንድ ትምህርት ክፍል ነበርን። ሁለት ክፍል ከጎረቤት ተውሰን ሃያ ሁለት ተማሪዎች ተቀበልን። አብዛኞቹ ሶሻል ወርክ ምን እንደ ሆነ ሳያውቁ በምደባ የመጡ ናቸው። አንዱ ወላጆቹ ምን እንደሚማር ሲጠይቁት "ችግረኛ መርዳት" ብሎ ቢነግራቸው፣ አባቱ "እሱንማ እዚሁ እኛን ብትረዳ አይሻልም?" እንዳሉት አጫውቶኛል። መጻሕፍት ስድስት ነበሩን፤ ስድስቱም ስለ ሌላ አገር ሰው የተጻፉ ናቸው። ከአንዱ ላይ መጠይቅ ተርጉመን፣ አባዝተን፣ ልጆቹን ሁለት ሁለት አድርገን ወደ ሰፈራችን ሰደድናቸው። ሰፈሩን የመረጥሁት እኔ ነኝ። የምኖርበት ስለ ሆነ የማውቀው መስሎኝ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ሁለት ተማሪዎች ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ቤት ገቡ። ባላቸው ካረፉ ገና ሦስት ሳምንታቸው ነበር። ልጆቹ ወንበር ላይ ተደላድለው ወረቀታቸውን አወጡና "የቤቱ አባወራ ማን ይባላል?" ብለው ጀመሩ። ሴትዮዋ ዝም ሲሉ የሰሙ አልመስላቸው ብሎ ደገሙት። ከዚያ አልፈው "ባለፉት ስድስት ወራት ከቤተሰቡ የሞተ አለ? ካለ ስንት?" የሚለው ላይ ሲደርሱ ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ፤ ጎረቤቶቹ ደግሞ ልጆቹን ከነወረቀታቸው ወደ ውጭ አወጧቸው።

አያ ገድሉ ያገኟቸው በር ላይ ነው። መጠይቁን ተቀብለው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበቡት። በልጅነታቸው ከሐይቁ ገዳማት በአንዱ ዳዊት የደገሙ ሰው ስለ ሆኑ ሲያነቡ ቀስ ብለው ነው። አጠፉና ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ ልጆቹን ይዘው ተመልሰው ገቡ፤ በሩ አጠገብ አስቀመጧቸው፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ማንም ቃል ሳይተነፍስ ተቀመጡ። "እግዜር ያጥናሽ" ብለው ተነሡ፤ ልጆቹም እንደሳቸው ብለው ወጡ። በማግስቱ ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ራሳቸው ልጆቹ የት እንደ ደረሱ ጠየቁ።

እኔን በዚያው ዕለት አመሻሹ ላይ ከቤቴ ደጃፍ ጠብቀው ልክ ልኬን ነገሩኝ። የተማረ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ይሠራል ወይ አሉ። እኔም ንዴቴን መቆጣጠር አቅቶኝ ስለ መረጃ አስፈላጊነት ረጅም ነገር ተናገርሁ። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና፣ ወደ አንድ ቤት መጀመሪያ የሚገባው ለመጠየቅ ሳይሆን ለመታየት ነው አሉኝ። ሰው እስኪያይሽ ድረስ አይመልስልሽም፤ ቢመልስልሽም እንድትሄጂለት ብሎ ነው። በዚያ ሳምንት የሰበሰብናቸውን ሠላሳ ስምንት መጠይቆች ቁጭ ብዬ ሳያቸው፣ እውነትም አብዛኛው መልስ እንድንሄድላቸው የተሰጠ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርሁም። በቀጣዩ ማክሰኞ ግን ልጆቹን ወደሳቸው ላክኋቸው።

ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ የአያ ገድሉ ቀን ሆነ። በየሴሚስተሩ አሥራ አራት ተማሪ ይረከባሉ። መጀመሪያ ወደ አንድ ቤት ያለ ወረቀት ያስገቧቸዋል፤ በሁለተኛው ይጫወታሉ፤ በሦስተኛው፣ ያውም ሰውየው ራሱ ነገር ካነሣ፣ ደብተር ይወጣል። የትኛው ቤት አልጋ ላይ የዋለ እንዳለ፣ የትኛዋ ልጅ ከትምህርት እንደ ቀረች፣ ማን ከማን እንደ ተኳረፈ ከሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያላንኳኩት በር የለማ። በሴሚስተሩ መጨረሻ የተማሪዎቹ የሰዓት መቁጠሪያ ቅጽ ላይ "የተቆጣጣሪ ስምና ማዕረግ" በሚለው ቦታ፣ ከሳጥኑ በሚተርፍ ትልልቅ ፊደል፣ "ገድሉ፣ ጥሩንባ ነፊ" ብለው ይፈርማሉ።

እኛም በዚህ መሐል አደግን። ሁለተኛ ዲግሪ ከፈትን። የራሳችን ሕንፃ ተሰጠን፤ ፎቁ ላይ ውኃ አይወጣም እንጂ ከመስኮቱ ሐይቁ ይታያል። ተማሪዎቻችን ከሦስት መቶ አለፉ። ያስተማርናቸው ልጆች ዛሬ በሆስፒታል፣ በፍርድ ቤት፣ በማረሚያ ቤት ይሠራሉ፤ አንዷ አንበሳሜ በምትባል ትንሽ ከተማ ናት፤ ለሰባት ቀበሌ ብቻዋን ስለምትዞር ስትደውልልኝ ሁልጊዜ መንገድ ላይ ናት። የጎደለንም ብዙ ነው። ለመስክ ልምምድ የሚሆን መኪና የለንም፤ ሰፊው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለዚህ አገር ሰው የተጻፈው መጽሐፍ አሁንም አንድ መደርደሪያ አይሞላም። ግን ማንነታችንን ስንናገር ድሮ እንደምንሽኮረመመው አንሽኮረመምም።

ባለፈው ዓመት ከትምህርት ክፍልነት ወደ ትምህርት ቤትነት ልናድግ ሆነ። አዲሱ ዲናችን ዶክተር ምሥጋና ወጣት ነው፤ ትጉህ ነው፤ ሰው ያከብራል። ልጠላው ምክንያት ፈልጌ አጥቻለሁ። የመስክ ልምምድ መመሪያ እንዳረቅቅ ጠየቀኝ፤ አረቀቅሁ። ዘጠነኛው አንቀጽ እንዲህ ይላል፦ "የመስክ ልምምድ ተቆጣጣሪ በሶሻል ወርክ ቢያንስ ሁለተኛ ዲግሪ ያለው መሆን አለበት።" ከሌላ ቦታ መመሪያ ላይ የገለበጥሁት ነው። ሲነበብ ያምራል። ስጽፈው አያ ገድሉ በሐሳቤ እንኳ አልመጡም፤ እንዴት እንዳልመጡ እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። ጉባኤው አጨብጭቦ አጸደቀው፤ ኬክ ቆረስን፤ ትምህርት ቤት ሆንን።

ከሁለት ወር በኋላ ከሬጅስትራር ደብዳቤ መጣ። መመሪያው የሚጠይቀውን ደረጃ በማያሟላ ሰው የተፈረመ ሰዓት ከሚቀጥለው ሴሚስተር ጀምሮ አይያዝም ይላል፤ የራሴን ዓረፍተ ነገርም ጠቅሶልኛል። ዶክተር ምሥጋና ዘንድ ሮጬ ሄድሁ። እሱ ግን፣ ሙያ ነን ብለን ለዓመታት ስንጮህ ኖረን ያወጣነውን ደንብ በመጀመሪያው ዓመት ራሳችን ከሻርነው ማን ያከብረናል አለኝ። ለአያ ገድሉ የተጻፈውን የምስጋናና የስንብት ደብዳቤ ተቀብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁት።

ሁለት ሳምንት ተሸከምሁት። ሦስት ጊዜ ቤታቸው ሄድሁ። በመጀመሪያው ጤናቸውን ጠይቄ ተመለስሁ፤ በሁለተኛው ሁለት ኪሎ ስኳር ይዤ ሄጄ ጤናቸውን ጠይቄ ተመለስሁ፤ በሦስተኛው ስለ ጆሯቸው ሐኪም አንሥቼ ብዙ አወራሁና ተመለስሁ። ክፉ ዜና አነጋገርን በተመለከተ ለሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች የማስተምረው ሙሉ ምዕራፍ አለ። ስድስት ደረጃዎች አሉት፤ ስድስቱንም በቃሌ አውቃቸዋለሁ።

እንዲህ እንዳለሁ አንድ ረቡዕ ጠዋት ከእንፍራንዝ ስልክ ተደወለ። ትንቢት የምትባል የሦስተኛ ዓመት ተማሪ አለችን፤ በዚያ ሴሚስተር ከአያ ገድሉ አሥራ አራት ተማሪዎች አንዷ ነበረች። አባቷ አቶ አካሉ ሰኞ ዕለት በድንገት አርፈው ማክሰኞ ተቀብረዋል። አጎቷ ነው የደወለው። በስልክ ልንነግራት አልወደድንም፤ እባካችሁ ወደ ቤቷ የምትመጣበትን ዘዴ ፈልጉልን አለ።

ዶክተር ምሥጋና ቢሮ አራት ሆነን ተቀመጥን። አንድ ላይ ብንቆጠር ስድስት ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪ ይሆነናል። መምህር ሕዝቅኤል፣ ልጅቱ ለአካለ መጠን የደረሰች ናት፤ እውነቱን አሁኑኑ የማወቅ መብት አላት፤ አባትሽ ታሟል እየተባለ መዋሸት ከሥነ ምግባራችን ጋር አይሄድም አለ። የተናገረው ሁሉ በማስተማሪያ ጽሑፌ ላይ ያለ ነው። ማን ይንገራት ሲባል ግን እሱም ወለሉን አየ። እኔም አየሁ። በመጨረሻ ዶክተር ምሥጋና መነጽሩን አወለቀና፣ "እኔ የእናቴን ሞት የተረዳሁት ውጭ አገር ስማር በስልክ ነው" አለ። "ዕቃ ልገዛ ተሰልፌ ነበር። ተራዬ ደርሶ ከፍዬ ወጣሁ። እስካሁን ያለቀስሁ አይመስለኝም።" ቀጥሎ ወደ እኔ ዞሮ፣ አያ ገድሉን እንድጠራቸው ለመነኝ።

መጡ። ግቢውን አልለመዱትም፤ የፎቁን ደረጃ ቀስ ብለው ነው የወጡት። ነገሩን ከሰሙ በኋላ ሦስት ነገር ጠየቁ፦ ልጅቱ ቁርስ በልታለች ወይ፣ ከጓደኞቿ የሰማ አለ ወይ፣ ስልኳ የት ነው። ሕዝቅኤል መዋሸት ተገቢ አይደለም ብሎ ሥጋቱን ነገራቸው፤ በአክብሮት ነው የነገራቸው።

"እኔ አልዋሻትም፣ ልጄ" አሉት። "መርዶ ሰው ላይ የሚጣል አይደለም። ሰውየው በራሱ እግር ቀስ እያለ እንዲደርስበት መንገድ የሚለቀቅለት ነው። ቃሉን የሚናገሩት ወገኖቿ ናቸው። የእኔ ድርሻ መንገዱ ነው።"

ትንቢትን ምግብ ቤት አገኘናት። አያ ገድሉ አጠገቧ ተቀምጠው ሽሮ አዘዙ፤ እስክትጨርስ ድረስ ስለ ሰፈሩ ሰዎች አጫወቷት። ከዚያ "ከቤትሽ ተልኮብናል፤ ከጽጌ ጋር እናደርስሻለን። ስልክሽን ስጪኝ፣ ቤትሽ ስንደርስ እሰጥሻለሁ" አሏት። ለምን አላለችም። ስልኩን ስትሰጣቸው አያ ገድሉ እጇን አብረው ይዘው ትንሽ ቆዩ።

በየጊዜው የሚዘጋው መንገድ ተከፍቶ የሰነበተበት ሳምንት ስለ ነበር ሚኒባስ አላጣንም። እሷን በመስኮቱ በኩል አስቀመጥናት፤ እሳቸው ከጎኗ፣ እኔ ከኋላ። እስከ ወረታ ስለ ሩዙ አጨዳ አወሩ። አዲስ ዘመን ከተማ ልንደርስ ስንል ፊቷን ሳትመልስ "አያ ገድሉ፣ አባቴ አልጋ ላይ ነው?" አለቻቸው። ጆሯቸው ቢከብድም ይህን ሰሙ።

"ቤትሽ ስንደርስ አጎቶችሽ ይነግሩሻል። እኔ ከአጠገብሽ አልነሣም" አሏት።

ትንቢት ራሷን ትከሻቸው ላይ አደረገችና ድምፅ ሳታሰማ ማልቀስ ጀመረች። አያ ገድሉ ነጠላቸውን ወደሷ ሳብ አድርገው ሸፈኗት። እንፍራንዝ ሲመሽ ገባን፤ መርዶ የሚነገረው በማለዳ ስለ ሆነ ያን ሌሊት ከአንዷ አክስቷ ቤት አሳደርናት። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ወገንና ጎረቤቱ ተሰብስቦ፣ ሁለት አክስቶቿ ግራና ቀኝ ይዘዋት አጎቷ ሲያረዳት፣ ልጅቱ ግማሹን መንገድ ሄዳው ነበር። አለቀሰች፤ እንደ ወጉ፣ ከሚያለቅሱት ጋር፣ በአባቷ ቤት አለቀሰች። እኔም አለቀስሁ። ስድስቱ ደረጃዎች አንዳቸውም ትዝ አላሉኝም።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ከተማውን ለቅቀን ትንሽ እንደ ሄድን አያ ገድሉ ወደ እኔ ዞሩ።

"በይ እንግዲህ የእኔንም አውጪው" አሉኝ።

የምን የእርስዎን ብዬ ልሸሽ ሞከርሁ።

"ሦስት ጊዜ መጥተሽ ሦስቱንም ጊዜ ጤናዬን ጠየቅሽኝ። ስኳርም አመጣሽ። ስንት ዓመቴ ነው መርዶ ይዤ ስዞር፤ የያዘን ሰው አላውቅም ብለሽ ነው?"

ቀስ ብዬ ልጀምር አሰብሁ፤ እሳቸው እንደሚያደርጉት በዙሪያው ልዞር። አልቻልሁም። ከሚቀጥለው ሴሚስተር ጀምሮ ተማሪዎቹ ከእርስዎ ጋር አይወጡም፤ ዲግሪ ያስፈልጋል ተብሏል፤ ደብዳቤውም ቦርሳዬ ውስጥ ነው አልሁ። ቀጥዬም "ዲግሪ ያስፈልጋል የሚለውን የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ እርስዎን ረስቼ ነው የጻፍሁት" አልኋቸው። ድምፄ ስለ ሳሳ የሰሙኝ አልመሰለኝም። ሰምተዋል። እስከ ወረታ መንገዱን በመስኮት ሲያዩ ቆዩ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

"አዘንሁ" አሉ በመጨረሻ። "ማክሰኞ ይመጣሉ ብዬ ሰኞ ልብሴን አጥብ ነበር።"

ይቅርታ ማለት ለዚህ አነሰብኝ። ባሕር ዳር ስንገባ ደብዳቤውን ሊቀበሉኝ እጃቸውን ዘረጉ፤ አልሰጠኋቸውም። ቤቴ ወስጄ ቀደድሁት። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ መቅደድ የሚያስጠይቅ መሆኑን አውቃለሁ።

ጉባኤው በተቀመጠ ጊዜ ዘጠነኛው አንቀጽ እንዲሻሻል ያቀረብሁት እኔ ነኝ። በራሴ ረቂቅ ላይ መነሣት ያሳፍራል፤ ጥሩ ነው፣ ማፈር ነበረብኝ። ከዲግሪው ጎን፣ በማኅበረሰቡ ዘንድ በረጅም አገልግሎት የታወቀና ጉባኤው የመረጠው ሰው "የማኅበረሰብ የመስክ መምህር" ሆኖ መቆጣጠርም መፈረምም ይችላል የሚል ይጨመር አልሁ። ክርክሩ ቀላል አልነበረም። አንዱ በምን ማስረጃ እናውቀዋለን አለ፤ ሌላው ነገ ማንም እየተነሣ የመስክ መምህር ነኝ ቢል ምን ልንል ነው አለ። ጥያቄዎቹ ተገቢ ስለ ነበሩ እየተናደድሁም ቢሆን አንድ በአንድ ጻፍኋቸው። ትንቢት ከሐዘኗ በጥቁር ልብስ ተመልሳ ስለ ነበር የተማሪዎች ተወካይ ከእሷ የተላከ አንድ ገጽ አነበበ። በዚያ ገጽ ላይ አያ ገድሉ እስከ እንፍራንዝ እንዴት እንዳደረሷት እንጂ ስለ እኛ ስለ መምህራኑ ምንም አልነበረም። በመጨረሻ ዶክተር ምሥጋና፣ ለሬጅስትራሩ መልስ የምጽፈው እኔ ነኝ፤ አያ ገድሉ ፈቃደኛ ከሆኑ ደግሞ ከተማሪዎቹ በፊት እኛን መምህራኑን ያስተምሩን አለ። ሕዝቅኤል መጀመሪያ እጁን ያወጣው ሰው ነው። ዘጠኝ ደገፉ፣ ሁለት ተቃወሙ፣ አንድ ድምፅ አልሰጠም።

በማግስቱ ሥራ ሳልገባ ማለዳ አያ ገድሉ ቤት ሄድሁ። ሳልጠራ አንኳኳሁ። በሩን ሲከፍቱ ጋቢያቸውን አጣፍተዋል፤ ጫማቸውን አድርገዋል፤ ጥሩንባውን ከግድግዳው አውርደው በእጃቸው ይዘዋል።

"ማን ነው?" አሉኝ።

"ማንም አልሞተም" አልሁ።

አልገባቸውም። ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ ደገምሁላቸው፤ ጉባኤው እንደ መረጣቸው፣ ማክሰኞ ልጆቹ እንደሚመጡ፣ ፊርማቸው እንደሚያዝ፣ እኔና ዶክተር ምሥጋናም አብረን ልንማር እንደምንመጣ ነገርኋቸው። አንድም ዙር ሳልዞር፣ በአንድ ትንፋሽ። አያ ገድሉ በሩ ላይ ቆመው ቆዩ። ጥሩንባውን ከቀኝ ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩት፤ ተመልሰው ወደ ቀኝ አዛወሩት፤ የት እንደሚያስቀምጡት ጠፋቸው። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ በማለዳ ያንን በር ያንኳኳ ሁሉ የሞተበት ሰው ነበር። ተቀበልኋቸውና እኔ ያዝሁላቸው፤ እሳቸውም ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ።